የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ሲሎሳይቢን ከወንጀል ያላቅቃል?

ጥያቄ፦ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲሎሳይቢን (ከአንዳንድ እንጉዳዮች የሚገኝ፣ ስሜትንና እይታን የሚቀይር ንጥረ ነገር) የወሰዱ ታራሚዎች አብዛኞቹ ወደ እስር ቤት እንዳልተመለሱ አነበብኩ። ታዲያ ለምን ሥራ ላይ አልዋለም?

መልስ፦ ያነበቡት ስለ ኮንኮርድ እስር ቤት ሙከራ መሆን አለበት። ከ1961 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ የሥነ ልቦና ባለሙያው ቲሞቲ ሊሪና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ ለ32 ታራሚዎች መድኃኒቱን ከቡድን ምክክር ጋር ሰጡ፤ ውጤቱም አስደናቂ ተባለ። ተመራማሪው ሪክ ዶብሊን በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመዝገብ ምርመራ ግን ጉዱን አወጣው። መድኃኒቱን የወሰዱት የተቆጠሩት ከተፈቱ በአማካይ በ10 ወራቸው ሲሆን፣ የተነጻጸሩት ግን 30 ወር የሞላቸው ነበሩ። የ10 ወሩ ሰው ምንም ባይወስድም ያሸንፋል፤ ለመሳሳት ገና ጊዜ አላገኘማ! ጊዜው እኩል ሲደረግ ልዩነቱ ጠፋ።

ጥያቄ፦ ሕክምናው በማረሚያ ቤት ቢሰጥ ምን ይመስላል? ምንስ ያበላሸዋል?

መልስ፦ በዛሬዎቹ የድብርት ሙከራዎች የተለመደው መጠን 25 ሚሊግራም ነው። አስቀድሞ ባለሙያውና ታካሚው ደጋግመው ይገናኛሉ። በዕለቱ ታካሚው ዓይኑን ሸፍኖ፣ ሙዚቃ እየሰማ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ጋደም ይላል፤ አጠገቡ ሰው አይጠፋም፣ የደም ግፊቱም ይለካል። ያየውን ከኑሮው ጋር የሚያገናኝበት ምክክር በማግስቱ ይጀምርና ይቀጥላል።

እስር ቤት ውስጥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ልቡ ገና እንደተከፈተ ማታውኑ ጩኸት ወደሞላበት ክፍል ይመለሳል። ደግሞም በዚያ ሁኔታ ያልተከሰሰበትን ወንጀል ቢናገርስ? ባለሙያው የሚጽፈው ማስታወሻ ለማን እንደሚደርስ ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጽሑፍ መወሰን አለበት። ፈቃዱም ከአመክሮ ጋር መያያዝ የለበትም፤ «እምቢ ካልኩ አልፈታም» ብሎ የሚፈርም ሰው ፈቀደ አይባልም። በካናዳ ኦክ ሪጅ በተባለው፣ ወንጀል የፈጸሙ የአእምሮ ሕሙማን በሚያዙበት ሆስፒታል፣ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ታካሚዎችን መስኮት በሌለው ክፍል ራቁታቸውን ለቀናት አንድ ላይ ዘግተው ኤልኤስዲ (እንደ ሲሎሳይቢን ያለ እይታን የሚቀይር ዕፅ) ይሰጧቸው ነበር፤ ያም ሕክምና ይባል ነበር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በቅርቡ ተፈቷል፤ ሊቲየም ይወስዳል። ለሙከራ ይመዝገብ?

መልስ፦ አይመዝገብ። ሊቲየም ከሲሎሳይቢን ጋር ሲገናኝ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ሊቲየም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ለባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚያደርግ ሕመም) ነው፤ ያ ደግሞ ብቻውን ከአብዛኞቹ ሙከራዎች ያስቀራል። ለመመዝገብ ብሎ ሊቲየሙን በራሱ እንዳያቆም፤ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል።