እጄን ስንት ጊዜ ላንሳ?

ጥያቄ፦ መጋቢ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ጌታን ከተቀበልኩ 6 ዓመቴ ነው። ግን ሰባኪ «ዛሬ ጌታን መቀበል የሚፈልግ» ባለ ቁጥር ልቤ ይመታል። እስካሁን ሦስቴ እጄን አንስቻለሁ። በቀደም ደግሞ በአምስት ብር መልስ የታክሲ ረዳት ሰድቤ፣ «ለመሆኑ ድኛለሁ?» እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ለቅሶ ቤት ይህን ባነሳ አንዲት እናት «ድኛለሁ ማለትማ ትዕቢት ነው» አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቴ ማንሳትሽ አልገረመኝም። እኔም ጎረምሳ ሳለሁ ደግሜ አንስቻለሁ። ሁለተኛውን ግን ጓደኞቼ እንዳያዩኝ እስከ ጆሮዬ ብቻ ነበር።

ዛሬ ስትጸልዪ እንባ መጣ፤ ድነሻል። ነገ ተሳደብሽ፤ አልዳንሽም። እንዲህ ከሆነማ መዳንሽ እንደ ኮንዶሚኒየም ውኃ ሆነ ማለት ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ሐዋርያው ዮሐንስ ግን «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ» ነው ያለው (1ኛ ዮሐንስ 5፥13)። ትገምቱ ዘንድ አላለም። ደግሞ ለማን እንደጻፈው ልብ በይ። እዚያው መልእክት መጀመሪያ ላይ «ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን» ያላቸው ሰዎች ናቸው። ረዳት የሚሰድቡ ዓይነት ሰዎች ማለት ነው።

«እምነቴ ደካማ ቢሆንስ?» ትዪ ይሆናል። ማርቆስ 9 ላይ የታመመ ልጁን ወደ ኢየሱስ ያመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ግማሽ እምነት፣ ግማሽ ጥርጣሬ። ኢየሱስ «ሂድና እምነትህን አሟልተህ ና» አላለውም። ልጁ በዚያው ቀን ተፈወሰ። ጌታ «ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም» ሲል የሚያወራው ስለ ራሱ እጅ ነው፤ አንቺ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የራስሽን ስታዪ ኖርሽ።

ለቅሶ ቤት ያገኘሻቸውን እናት ፍርሃት አልንቀውም። «እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» ያለውም ያው ጌታ ነው። እኛ ወንጌላውያንም ብንሆን የዳነ ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል አይመለስም በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። ትዕቢት የሚሉትን ግን አልቀበልም። «በጾሜ፣ በአሥራቴ እገባለሁ» ብትዪ አዎ፣ ትዕቢት ነው። ጳውሎስ «የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይላል (ኤፌሶን 2፥8)። ስጦታ የተቀበለ ሰው «ተሰጠኝ» ቢል ምኑ ነው ትዕቢቱ? በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ የሰረቀውን እንኳ ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም። «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ።

ታዲያ ስድቡ ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። ያዕቆብ ሥራ የሌለውን እምነት የሞተ ነው ይለዋል። ግን ሬሳ ቢቆነጥጡት አያመውም፤ አንቺን በአምስት ብር ጉዳይ እንቅልፍ የነሳሽ ምን ይመስልሻል? «በኃጢአታችን ብንናዘዝ» ይቅር ይለናል የሚለውን ይዘሽ ለጌታ ንገሪው፤ ከዚያ ተኚ።

እሁድ ጥሪ ሲደረግ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነሳው ሰው ጸልዪ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ያው ሰልፍ ላይ ነሽ፤ ረዳቱም ያው ነው። ይቅርታ ጠይቂው። መልሱንም ተዪለት።