ወናፉ ስንኝ መሃል ለምን ያልቃል?

ጥያቄ፦ አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ ለምጄ ማታ ማታ ምግብ ቤት እዘፍናለሁ። ስንኙ ሳያልቅ ወናፉ (አየር የሚገፋው ተጣጣፊ ክፍል) ጥግ ይደርስብኛል፤ ድምፄም ይዋጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ መሣሪያውን ይፈትሹ። ማሰሪያዎቹን ፈትተው፣ ምንም ቁልፍ ሳይነኩ፣ በአንድ ጎኑ ያንጠልጥሉት። ወናፉ በራሱ ክብደት ቶሎ ከተዘረጋ አየር ያስወጣል፤ ይህን ልምምድ አያድነውም፣ ይጠገን።

ደህና ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የግራ እጅ ነው። የባስ (የወፍራም ድምፅ) እና የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ቁልፎችን ተጭኖ ማቆየት አየሩን ይጨርሳል፤ ነካ አድርገው ይልቀቁ። የወናፉን አቅጣጫ የሚቀይሩት ደግሞ እርስዎ ትንፋሽ በሚስቡበት ቦታ ይሁን። ግጥሙን ጽፈው እዚያ እዚያ ላይ ጭረት ያድርጉ፣ በዝግታም ይለማመዱት። በዘፈኖች መካከል በግራ አውራ ጣትዎ የአየር ቁልፉን ተጭነው ወናፉን ያለድምፅ ይዝጉት።

ሲዘፍኑ ሁሉንም ሪድ (በአየር ተርገብግቦ ድምፅ የሚሰጥ ቀጭን ምላስ) አይክፈቱ፤ አንድ ሪድ ብቻ የሚያሰማውን ሬጂስተር (የድምፅ መቀየሪያ ቁልፍ) ይምረጡ፣ ሙሉውን ለመግቢያው ያቆዩት። ግራ እጅዎ ሲጠፋበት ጎድጎድ ያለችውን ቁልፍ ይዳስሱ፦ ዶ ናት፤ ከላይዋ ሶል፣ ከታችዋ ፋ።

ኢትዮጵያዊው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአኮርዲዮን የቀረጸውን ካሴትም ደጋግመው ያድምጡ። እዚያ ዜማውን እንደ ዘፋኝ የሚያወጣው አኮርዲዮኑ ነው።