ቁልፉን ከመቀየርሽ በፊት በሩን እዪው

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በርሽ አሉሚኒየም ነው፤ እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች በመንጠቆ ይይዛል። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ያስቸግር ነበር፣ ትናንት ደግሞ ተዘግቶ ቀረ፤ ቁልፉም ግማሽ ዞሮ ይቆማል። የጠራሽው ሠራተኛ «ሙሉው ይቀየር» ብሎሻል። እባክሽ ገና አትክፈዪ።

እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው ያለሁት። ከሦስት ዓመት በፊት በታኅሣሥ ውርጭ የእኔም በር እንዲሁ ያዘ። በጉልበት ሳዞረው ቁልፉ አንገቱ ላይ ተቆረጠ። እናቴ ውስጥ ነበረች፤ «ልጄ፣ ምን ተሰበረ?» ስትል ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደግነቱ ስባሪው ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር በፒንሳ ሳብነው። በሩን የከፈተው ግን ጎረቤታችን ያመጣው አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ነው።

አንቺም እንደዚያው ሞክሪ። አንድ ሰው በእጀታው በኩል ካለው ጥግ ሥር እንጨት አስገብቶ በሩን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀስ አድርጎ ያንሳልሽ። አንቺ በሩን ወደ ፍሬሙ አጥብቀሽ ይዘሽ ቁልፉን በሁለት ጣት ብቻ አዙሪ። እምቢ ካለ መጀመሪያ የላይኛውን ጥግ፣ ቀጥሎ የታችኛውን እየተጫናችሁ ድገሙት። የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው።

ሲከፈት እንዳትዘጊው! በሩ ክፍት እንዳለ እጀታውን አንሺና ቁልፉን አዙሪ። ያለ ችግር ከሄደ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ በሩ ከማጠፊያው ወርዷል ማለት ነው። በክፍትም ካንገራገረ ጥፋቱ በበሩ መሀል ያለው ሳጥን፣ ማለትም መንጠቆዎቹን የሚያንቀሳቅሰው፣ ወይም ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ነው። ለመለየት በበሩ ጠርዝ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ትክክል ያለውን ረጅም ብሎን ፍቺ፤ ቁልፉን አስገብተሽ ትንሽ ዘወር ስታደርጊው ሲሊንደሩ ይወጣል። ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላ እጀታው አሁንም ከከበደሽ ሳጥኑ ነው።

የእኔ በር ወርዶ ነበር። ከምጣድ ሥር ጥላሸት ጠርጌ መንጠቆዎቹን ቀባሁና በሩን ዘግቼ እጀታውን ለማንሳት ሞከርኩ። ስከፍተው የላይኛው መንጠቆ ምልክት ከቀዳዳው መሀል ሳይሆን ከታችኛው ከንፈሩ ላይ ነበር፤ ብረቱም እዚያው ጋ ተፍቆ ያብረቀርቃል። ጠዋት የሚብሰው በብርዱ ነው፤ 2 ሜትር የአሉሚኒየም በር በ20 ዲግሪ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ለወረደ በር እሷ ትበቃዋለች።

ማጠፊያዎቹ ክዳናቸው ሲነሳ የብሩጎላ ብሎን (ራሱ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው) ካላቸው ሩብ ዙር ብቻ እያዞርሽ፣ በየመሀሉ በጥላሸቱ እያየሽ በሩን ከፍ አድርጊው። ከሌላቸው ፍሬሙ ላይ ያለውን የመንጠቆ መያዣ ብሎኖቹን አላልተሽ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት የመጨረሻው ነው፤ የተሞረደ አይመለስምና።

ሳጥኑ ከሆነ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይቀየራል። አሮጌውን ፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ፤ እዚህ ካጣሽ መርካቶ ላኪው። ከእጀታው ዘንግ መሀል እስከ ቁልፉ መሀል ብዙ ጊዜ 92 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከበሩ ጠርዝ እስከ ቁልፉ መሀል ያለውንም ለኪ። አንዱ ከተዛነፈ አይገጥምም።

የምግብ ዘይት ቁልፉ ውስጥ እንዳታፈሺ፤ አቧራ ሰብስቦ ይደርቃል። የመጻፊያ እርሳስ ጥቁሩ ዱቄት ይሻላል፤ ለመንጠቆዎቹ ደግሞ ስስ ግራሶ።

እስኪስተካከል ድረስ ግን ሰው ውስጥ እያለ ከውጭ አትቆልፊ። የጥላሸቱን ምልክት ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ የትኛው ማጠፊያ እንደሆነ እነግርሻለሁ።