ከኮምፒውተሩ በፊት ዶቃውን ያስቀድሙ

ውድ ጠያቂያችን፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀው ደሴ ውስጥ ሥራ እየፈለጉ ሳለ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክበብ እንዲመሩ እንደጠየቀዎት፣ ሆኖም በአግባቡ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 3 ብቻ እንደሆኑና ሕፃናትን ማስተማር ከሙያዎ እንዳያርቅዎት እንደሰጉ ጽፈውልናል።

በእኔ እምነት ሥራውን ቢቀበሉ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ወር ግን ኮምፒውተሮቹን ባይነኩ እመርጣለሁ። ብሪታኒያዊው ተመራማሪ ዶናልድ ሚኪ በ1961 እ.ኤ.አ. በ304 የክብሪት ቀፎዎችና በባለቀለም ዶቃዎች ብቻ የኤክስና ኦ ጨዋታን እየተለማመደ የሚሻሻል «ማሽን» ሠርቷል። እርስዎም ከሰኞ ገበያ ቀይና ነጭ ዶቃ ገዝተው፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈባቸው ስኒዎች ውስጥ ከየቀለሙ አምስት አምስት ያድርጉ። ከ10 ጠጠር ላይ በየተራ አንድ ወይም ሁለት እየተነሣ የመጨረሻውን ያነሣ ያሸንፋል። የ«ማሽኑ» (የስኒዎቹ) ተራ ሲደርስ አንድ ልጅ ከቀረው ጠጠር ቁጥር ጋር ከሚመሳሰለው ስኒ ሳያይ ዶቃ ያወጣል፤ ቀይ ከወጣ አንድ፣ ነጭ ከወጣ ሁለት ይነሣል (በ1 ቁጥር ስኒ ቀይ ብቻ ይኑር)። ማሽኑ ከተሸነፈ የወጡት ዶቃዎች ይወሰዱበታል፤ ካሸነፈ ይመለሱለትና ተመሳሳይ ይጨመርለታል። ጨዋታው በተደጋገመ ቁጥር ስኒዎቹ እየበረቱ ሲሄዱ፣ ልጆቹ «መማር» የሚባለው ነገር ከቁጥር መጨመርና መቀነስ እንደሚመጣ በዓይናቸው ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ቲቸብል ማሽን የተባለውን የጉግል ነፃ መሣሪያ የእህል ዓይነቶችን በፎቶግራፍ እንዲለይ እንዲያስተምሩት ያድርጉ። ነጭ ጤፍ ብቻ ያየ ማሽን ቀይ ጤፍ ሲቀርብለት ሊሳሳት እንደሚችል ሲያዩ፣ የመረጃ መዛባት ምን እንደሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልግዎትም። ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠውን ቻትጂፒቲን ግን ለተማሪዎቹ አይክፈቱላቸው፤ የአገልግሎቱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይፈቅድም፣ የእርስዎም ተማሪዎች አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው።

ስለ ሙያዎ የሰጉት ትክክል የሚሆነው ክበቡን መርተው ምንም ጽሑፍ ሳያስቀሩ ከወጡ ነው። የየሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ፣ ልጆቹ የተሳሳቱበትንና እርስዎ ያስተካከሉበትን መንገድ በአማርኛ ይመዝግቡ፤ ቀጣሪ ፊት ይዘው የሚቀርቡት ሥራ ይህ ነው። ጎን ለጎንም በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ የኢንተርኔት ሥልጠና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርስን ወስደው ሰርተፊኬቱን ያያይዙ። የክበብ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ኑሮን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሆን፣ ክፍያው በክፍለ ጊዜ ይሁን በወር፣ ክረምትንም ይጨምር እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት በውሉ ላይ ያስጽፉ።