የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተጭነን የምንፈታቸው የቱቦ መጋጠሚያዎች

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ የአየርና የውሃ ቱቦ መጋጠሚያዎችን የሚመለከቱ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ገላን ውስጥ መንገድ ዳር የጎሚስታ ሥራ አለኝ። የአየር ቱቦውን ከኮምፕሬሰሩ ለመፍታት የመጋጠሚያውን ቀለበት ወደ ኋላ ስንስበው ቱቦው በኃይል ተወርውሮ ይወጣል፤ በቅርቡ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ አገጩ ላይ መታው። ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ እነሱ ዘንድ ያለው መጋጠሚያ ቁልፉን ሲጫኑት አስቀድሞ አየሩን አስተንፍሶ በኋላ ብቻ እንደሚለቅ ነገረኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ገንዘብ ባወጣበትስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ለልጁ ምሕረቱን ያምጣለት። ያዋጣል የሚለውን አስቀድመን ብንነግርዎትም ምክንያቱን ማወቁ ይጠቅምዎታል።

እርስዎ ዘንድ ባለው መጋጠሚያ በሴቴው (በኮምፕሬሰሩ ወገን ባለው ተቀባይ ክፍል) አፍ ዙሪያ በሚገኙት ቀዳዳዎች ውስጥ ትናንሽ የብረት ኳሶች ተቀምጠዋል። ወንዴው (በቱቦው ጫፍ ያለው ገቢ ክፍል) ሲገባ ኳሶቹ አንገቱ ላይ ዙሪያውን በተቆረጠው ቦይ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚገፋው የውጭ ቀለበትም ከላያቸው ላይ ተመልሶ ወደ ኋላ እንዳያፈገፍጉ ይይዛቸዋል። ሲገጠም የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይኸው ነው። ቀለበቱ ሲሳብ ኳሶቹ ማፈግፈጊያ ስለሚያገኙ ወንዴው ይለቀቃል፤ በሴቴው ውስጥ ያለው ቫልቭም ወዲያውኑ የኮምፕሬሰሩን ወገን ይዘጋል። በወንዴው በኩል ግን መዝጊያ የለም። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ታፍኖ የቀረው አየር በሙሉ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ቱቦ የሚይዘው ግማሽ ሊትር ያህል ቢሆንም፣ በ8 ባር ግፊት ከተሞላ ሲለቀቅ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ አየር ይተፋል። ከዚህ ሌላ መጋጠሚያው የሚታሸግበት ክብ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው፣ ያው ግፊት ወንዴውን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል ከ9 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ነው። ልጁን የመታው ይህ ኃይል ነው እንጂ የእጁ ስንፍና አይደለም።

ደንበኛዎ የነገሩዎት ዓይነት መጋጠሚያ ሥራውን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። ቁልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ወንዴው ጥቂት ወደ ውጭ ይንሸራተትና በሁለተኛ ማቆሚያ ይያዛል፤ በዚህ ጊዜ የኮምፕሬሰሩ ወገን ተዘግቶ የቱቦው አየር በመጋጠሚያው አካል ላይ ባሉት ማስተንፈሻዎች ይወጣል። ሲያፏጭ የቆየው ድምፅ ካቆመ በኋላ ቁልፉ ዳግመኛ ሲጫን ወንዴው ያለ ምንም ኃይል እጅ ላይ ይቀራል። መፍቻው በመሳብ ሳይሆን በመጫን እንዲሠራ መደረጉም በቂ ምክንያት አለው። ቱቦን ግፊቱም፣ የያዘው ሠራተኛም፣ አደናቅፎት የሚያልፍ ሰውም የሚጎትቱት ወደ ውጭ ነው፤ መሬት ለመሬት ሲጎተት የተለመደው ቀለበት የክሪክ ጠርዝ ላይ ተጠልፎ ሳይታሰብ የሚፈታበት ጊዜም አለ። በመጋጠሚያው አካል ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ቁልፍ ግን ሰው አስቦ ካልተጫነው በቀር በቀላሉ አይፈታም።

በሁሉም ቦታ መቀየር የለብዎትም። በእኛ እምነት ከኮምፕሬሰሩ መውጫ ላይ ያለውን አንዱን ቢቀይሩ የአደጋውን ትልቁን ድርሻ ያስቀራሉ፤ በመሣሪያው ጫፍ ያለው ቱቦውን በመሣሪያው ምላጭ (በጣት በሚሠራው መልቀቂያ) ማስተንፈስ ስለሚቻል በቀድሞው ሊቀጥል ይችላል። እስከዚያው ድረስ የታንከሩን ቫልቭ ዘግታችሁ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ምላጩን ተጭናችሁ አየሩን አውጥታችሁ፣ ከዚያም በአንድ እጅ ወንዴውን አጥብቃችሁ ይዛችሁና ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ ቀለበቱን ሳቡት።

ለግዢ ወደ መርካቶ ሲሄዱ አሮጌውን ወንዴ ይዘው ይሂዱ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 6150 የወንዴውን ቅርፅና ልክ ደንግጓል፤ ሆኖም ከእሱ ሌላ በአውሮፓና በእስያ አምራቾች ዘንድ የተለመዱ ቅርፆች ስላሉ ገበያው ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ። በዓይን ሲታዩ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ወንዴዎች የአንገታቸው ቦይ የሚገኝበት ቦታ በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል። እንዲህ ያለው ወንዴ ገብቶ «ቀጭ» ቢልም እንኳ ኳሶቹ ቦዩን በግማሽ ብቻ ይይዙትና ግፊቱ ከፍ ሲል ሊስፈነጠር ይችላል። ስለዚህ ከገጠሙ በኋላ አየር ሳይለቁ አጥብቀው ይሳቡት፤ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው መመለሱንም በዓይንዎ ያረጋግጡ። የከባድ መኪናዎች አቧራ በማይጠፋበት በእናንተ ሰፈር ቀለበቱ ሥር የሚገባው ደቃቅ አፈር ሞላውን ስለሚያደክመው መጋጠሚያውን አዘውትሮ መጥረግና ጠብታ ቀጭን ዘይት መስጠት ይገባል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነው የምንኖረው። ከመስመር ጋር የተያያዘ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ አለን። ካርትሪጁን ስንቀይር ቀጭኑ ነጭ ቱቦ አልወጣ ስላለ ባለቤቴ በፒንሳ ጎትተው አወጡት። መልሰን ስንገጥመው ቀን ደኅና ይውልና በፈረቃችን ሌሊት ውሃ ሲመጣ ያንጠባጥባል። መጋጠሚያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የተበላሸው ቱቦው ሳይሆን አይቀርም። ቱቦው የሚገባበት ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት በውስጡ ወደ ውስጥ ያጋደሉ ቀጫጭን የብረት ጥርሶች አሉት። እነዚህ ጥርሶች ቱቦው ሲገባ ይለጠጣሉ፤ ወደ ውጭ ሲሳብ ግን እንደ ዓሣ መንጠቆ የበለጠ ይነክሱታል። ውሃውን የሚያሽገው ላስቲክ የሚገኘው ከጥርሶቹ በስተ ውስጥ ስለሆነ፣ ቱቦው በጉልበት ሲወጣ ጥርሶቹ ከያዙት ቦታ ጀምረው እስከ ጫፉ ድረስ እየጫሩት ይመጣሉ። የተጫረው ክፍል ደግሞ ላስቲኩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙረው ቢያዩት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቁመታዊ መስመሮችን ያገኛሉ፤ ውሃው የሚያመልጠው በእነሱ ነው። ቀን ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ላይታይ ይችላል። የመስመሩ ግፊት 3 ባር ሲደርስ ግን 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቱቦ በ1 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ጭረቱንም ተከትሎ ይወጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የውሃውን ቫልቭ ዝጉና በማጣሪያው ቧንቧ በኩል ግፊቱን አስወጡ። ቱቦውን በመጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ ብታደርጉት ጥርሶቹ ንክሻቸውን ያላላሉ፤ ቀጥሎ ቀለበቱን በሁለት ጣት ሳይንጋደድ እኩል ወደ መጋጠሚያው ተጭናችሁ፣ ሳትለቁት ቱቦውን ሳቡት። ያለ ፒንሳ ይወጣል። ከዚያ መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ የነበረውን ክፍል በሙሉ ስለታም በሆነ ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና አዲሱን ጫፍ የመጋጠሚያውን መጨረሻ እስኪነካ ድረስ አስገቡት። በመቀስ መቁረጥ ቱቦውን ስለሚያጎብጠው አይመከርም። ገብቶ ሲያበቃ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ መያዙን አረጋግጡ። ላስቲኩ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ብቻ መጋጠሚያው ይቀየራል፤ የሚጠጣ ውሃ የሚያልፍበት ስለሆነ የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ፈጽሞ አትቀቡት።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ላቫጆ አለኝ። የውሃ ማጠቢያውን ማሽን ካጠፋሁ በኋላ የመርጫውን መጋጠሚያ መፍታትም መግጠምም ያቅተኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማሽኑ ቢጠፋም ግፊቱ ቱቦው ውስጥ እንደታፈነ ነው። 10 ሚሊ ሜትር በሆነ መታሸጊያ ላይ 120 ባር ማለት ከ90 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ እጅ አይችለውም፤ መዶሻም ሆነ የቱቦ መፍቻ አይጠቀሙበት። ማሽኑን ያጥፉ፣ የሚገባውን ውሃ ይዝጉ፣ መርጫውን ሰው ወደሌለበት አዙረው ውሃው እስኪቆም ምላጩን ይሳቡ። መጋጠሚያው ከዚያ በኋላ በጣት ይፈታል።