ሞክሼን ከሞክሼ መለየት

ይድረስ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላና በሞጣ የክለብ መዝገብ ለምትይዙና የውድድር ውጤት ለምትጽፉ ወጣቶች፤

ጎጃም ውስጥ በአንድ የዞን ውድድር ላይ «ጌትነት!» ብላችሁ ብትጣሩ ከመሙም፣ ከመረብ ኳስ ሜዳውም፣ ከብስክሌቱ ሰልፍም «አቤት» የሚል አታጡም። ስሙ ተወዷል፤ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ የሚመጣው ጸሐፊው «ጌትነት» ብሎ ጽፎ ሲያልፍ ነው። የአንዱ ልጅ ሰዓት ለሌላው ይመዘገባል፣ ምስክር ወረቀቱ ለማይገባው ይሰጣል፣ በልፋቱ ያገኘው ልጅም ባዶ እጁን ይቀራል።

የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የስፖርት ዜና ስትጽፉ ግን ትረሱታላችሁ። ፀጋዬ ከበደ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) በ2008 ቤጂንግ ላይ በማራቶን ነሐስ ያገኘ ሯጭ ነው፤ ጌታነህ ከበደ የዋልያዎቹ አጥቂ ነበር። አዳነ ግርማ በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ የአቻነቷን ጎል አገባ፤ ለሜቻ ግርማ ደግሞ በ2023 ፓሪስ ላይ 3000 ሜትር መሰናክልን በ7:52.11 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀነኒሳ በቀለና ታሪኩ በቀለ ወንድማማች ናቸው፤ አማካዩ ሽመልስ በቀለ ግን የሌላ በቀለ ልጅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ዲባባ ነው። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ እህትማማች ናቸው። በ2015 ቤጂንግ ላይ የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማሬ ዲባባ ግን እህታቸው አይደለችም። በአባት ስም የማትገናኛቸው ደራርቱ ቱሉ ደግሞ ዘመዳቸው ናት። ስለዚህ ዝምድናን ከስም አትገምቱ፤ ባለቤቱን ወይም አሠልጣኙን ጠይቁ፤ ካላገኛችሁ ስለ ዝምድና አትጻፉ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር የሮጠች ትዕግሥት አሰፋ አለች፤ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 የፈጸመች ትዕግሥት አሰፋም አለች። ርቀቱ እጅግ ስለተራራቀ ለሁለት ሰው የሚከፍላት ይኖራል፤ አንድ ሴት ናት። ስም መመሳሰሉ ብቻውን መዝገብ አያዋሕድም፤ የውድድር ዓይነት መለያየቱም ብቻውን መዝገብ አይለይም።

እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ስፖርተኛ ስሙን እስከ አያት ድረስ፣ የእናቱን ስም፣ የትውልድ ወረዳውንና ቀበሌውን፣ የተወለደበትን ቀን ከነወሩ፣ ስፖርቱንና ክለቡን ጻፉ፤ ፎቶ ለጥፉ። ለእያንዳንዱም የማይደገም የመዝገብ ቁጥር ስጡ። ክለብ ቢቀይር፣ ከእግር ኳስ ወደ ሩጫ ቢዞር ቁጥሩ ይከተለዋል። ቤት የሚጠራበትን፣ የትምህርት ቤቱንና የመታወቂያውን ስም አነጻጽሩ፤ አንዳንዴ ሦስቱ አይገጥሙም። ዋናው በመታወቂያው ያለው ይሁን፤ ሌሎቹን በጎን አስፍሩ።

«ትልቁ»፣ «ትንሹ» እያላችሁ አትለዩ። በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ የብራዚል ቡድን ውስጥ ሌላ ሮናልዶ ስለነበር አጥቂው ሮናልዶ «ሮናልዲንሆ»፣ ማለትም ትንሹ ሮናልዶ፣ ተብሎ ተጫወተ። ኋላ ዓለም ሮናልዲንሆ ብሎ የሚያውቀው ሌላ ተጫዋች መጣ፤ የዚያን ጊዜውን ዝርዝር ዛሬ የሚያነብ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። የአያት ስም ግን ከዓመት ዓመት አይለወጥም።

ፊደሎቻችንም ሞክሼ አላቸው። ጆሮ ፀጋዬንና ጸጋዬን፣ ኃይሌንና ሃይሌን አይለይም፤ ኮምፒዩተር ግን ለየብቻ ቃል አድርጎ ያያቸዋል። ስለዚህ ባንዱ ፈልጋችሁ «የለም» ከማለታችሁ በፊት በሌላውም ፈልጉ። በላቲን ፊደል ጣጣው ይብሳል። ኢትዮጵያዊው ብስክሌተኛ ፅጋቡ ግርማይና በ2024 ቱር ደ ፍራንስ የሦስት ዕለት ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በእኛ ፊደል የአባታቸው ስም አንድ ነው፤ በላቲን ግን የፅጋቡ ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ አናባቢ የለውም፣ የቢንያም አለው። ፓስፖርት ካለ የላቲኑን ስም ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ በድምፅ ገምታችሁ አትጻፉ።

የልደት ቀን ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ነው። ሁለት ሞክሼዎች በ1998 ዓ.ም. ተወለዱ እንበል፤ አንዱ በኅዳር፣ አንዱ በግንቦት። ዓመቱን ብቻ ከጻፋችሁ እኩያ ይመስላሉ። የኅዳሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር የ2005 ልጅ ነው፣ የግንቦቱ የ2006። በአትሌቲክስ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ 20 ያልሞላው ስለሆነ፣ በ2025 የግንቦቱ ሲፈቀድለት የኅዳሩ አይፈቀድለትም። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ደምሩ። ጠርዝ ላይ ያለውን ቀን በቁማችሁ አትወስኑ፤ ያንኑ ዓመት የሚያሳይ የሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ማመሳከሪያ ተመልከቱ።

በውድድሩ ዕለት ሞክሼዎችን ተከታታይ የደረት ቁጥር አትስጧቸው። 114 እና 115 በላብና በጭቃ ሲጨማደዱ መጨረሻው መስመር ላይ የቆመ ዳኛ ያምታታቸዋል፤ 114 እና 162 ግን አይምታቱም። ድምፅ ማጉያ ለያዘውም የአያት ስም የተጻፈበት ዝርዝር አስቀድማችሁ ስጡት።

ፎቶ ስትለጥፉ ከስሙ ሌላ ቢያንስ ሁለት ነገር፣ ለምሳሌ ማልያውና የውድድሩ ቀን፣ ይግጠምላችሁ። ከተሳሳታችሁም በመዝገቡ ላይ አትፋቁ፤ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ትክክለኛውን ከላይ ጽፋችሁ ቀንና ፊርማ አኑሩበት። ምስክር ወረቀት ላይ ማኅተም ከመምታታችሁ በፊት ልጁን አቅርባችሁ ስሙን እስከ አያቱ ራሱ ያንብብላችሁ።