የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በኖርዌይኛ ግሱ የት ይቀመጣል? «ኢከ»ስ?

(የኖርዌይኛውን ቃላት ሲነገሩ እንደሚሰሙት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። «ኢከ» ግሱን አሉታ የሚያደርግ ቃል ነው፤ «ያይ» ደግሞ «እኔ» ማለት ነው።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኦስሎ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ፣ በኖርዌይኛ ግን መሃል እንደሚገባ ተምሬ ለምጄዋለሁ። ሆኖም «ነገ አልሠራም» ለማለት «ኢ ሞርን ያይ ዮበር ኢከ» ብዬ ስጽፍ መምህሬ ሁልጊዜ በቀይ ታሰምርበታለች። ስሕተቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ቃላቱ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ቦታውን የሳተው ግሱ ነው። «ግሱ መሃል ይገባል» የሚለው ከእንግሊዝኛ ትምህርት የቀረ ልማድ ስለሆነ ይተዉት። በኖርዌይኛ ዋና ዓረፍተ ነገር ግሱ ሁለተኛ ነው፣ ባለቤቱ የትም ይሁን የት። የመጀመሪያውን ቦታ «ነገ» ከያዘው ሁለተኛው የግሱ ስለሆነ ባለቤቱ ከኋላ ይሰለፋል፦ «ኢ ሞርን ዮበር ያይ ኢከ»።

ሁለተኛ ስል ሁለተኛ ቃል ማለቴ አይደለም። የሚቆጠሩት የዓረፍተ ነገሩ ክፍሎች ናቸው። «ትናንት ከሥራ በኋላ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ» ሲሉ «ኤተር ዮበን ኢ ጎር ዪክ ያይ ረት የም» ይሆናል። ከግሱ ከ«ዪክ» በፊት ያሉት አራት ቃላት አንድ ላይ መቼ እንደሆነ ስለሚናገሩ የሚይዙት አንድ ቦታ ነው። ግሱ ባለ ረዳት ግስ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ቦታ የሚቆመው ረዳቱ ብቻ ነው፦ «ደን ቡካ ሃር ያይ ሌስት»፣ ያንን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ረዳቱ «ሃር» ነው።

አማርኛ ተናጋሪን አብዝቶ የሚያደናቅፈው ግን ሌላ ነው። እኛ ሁኔታውንና ምክንያቱን አስቀድመን ነው የምንናገረው፤ «ነገ ከዘነበ ቤት እቀራለሁ» እንላለን። ኖርዌይኛም ይህን ቅደም ተከተል በደስታ ይቀበላል፤ ነገር ግን «ከዘነበ» ያለው ሐረግ በሙሉ እንደ አንድ ክፍል ተቆጥሮ የመጀመሪያውን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ወዲያው ግስ ይመጣል፦ «ቪስ ደ ራይነር ኢ ሞርን፣ ብሊር ያይ የመ»። ብዙ ተማሪዎቼ ነጠላ ሰረዙ ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ ይወስዱና «ያይ ብሊር» ብለው አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለውን ቃል በእርሳስ እየከበቡ ግስ መሆኑን ያረጋግጡ።

ይህን ችግር ለመሸሽ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በ«ያይ» የሚጀምሩ አሉ። አልመክርም። ስሕተቱ ይቀንስ ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን ያይ፣ ያይ፣ ያይ እያለ የሐሳብ ማያያዣ ያጣል።

«ኦግ» (እና)፣ «መን» (ግን) እና «ፎር» (ምክንያቱም) ሁለት ዋና ዓረፍተ ነገሮችን ሲያያይዙ አይቆጠሩም፤ ከረድፉ ውጭ ናቸው። «ግን ዛሬ አልመጣም» ስንል «መን ኢ ዳግ ኮመር ያይ ኢከ» ነው። ረድፉን በዓይን ማየት የሚሻልዎት ከሆነ መምህርዎን «ሰትኒንግስሼማ» የሚባለውን ሠንጠረዥ እንዲሥሉልዎ ይጠይቁ። መሠረቱን የጣለው ፓውል ዲደሪክሰን የተባለ የዴንማርክ የቋንቋ ሊቅ ሲሆን፣ በ1946 ለዴንማርክኛ ያሳተመው አከፋፈል ለኖርዌይኛም ተስማምቶ ይሠራል።

ጥያቄ፦ «ኢከ» አንዳንዴ ከግሱ በፊት፣ አንዳንዴ በኋላ ይመጣል። የሚይዝልኝ ሕግ ይኖር ይሆን? ከስታቫንገር።

መልስ፦ ሕጉ አጭር ነው፤ በዋና ዓረፍተ ነገር «ኢከ» ከግሱ በኋላ፣ በጥገኛ ሐረግ ከግሱ በፊት ይቆማል። የሚከብደው የትኛው ዋና፣ የትኛው ጥገኛ እንደሆነ በንግግር መሃል መለየቱ ነው። ለዚህ ደግሞ የራሳችን ቋንቋ መለኪያ ይሰጠናል።

አማርኛ «አልመጣም» ሲል መጨረሻው ላይ «ም» አለ። ሐሳቡ በሌላ ሐሳብ ሥር ሲገባ ግን «ም» ይቀራል፦ ስላልመጣ፣ እንደማይመጣ፣ ካልመጣ፣ የማይመጣ። «ስላልመጣም ቀረሁ» አይባልም። እንግዲህ በአማርኛ «ም» በሚቀርበት ቦታ ሁሉ በኖርዌይኛ «ኢከ»ን ከግሱ ፊት ያስቀድሙ።

ሁለቱን ምክንያት ጠቋሚዎች እንይ። «አልመጣም፣ ምክንያቱም ጊዜ የለኝም» የሚለው «ያይ ኮመር ኢከ፣ ፎር ያይ ሃር ኢከ ቲድ» ነው። «የለኝም» ላይ «ም» አለች፤ «ኢከ»ም ከ«ሃር» በኋላ ናት። «ጊዜ ስለሌለኝ አልመጣም» ስንል ግን «ም» ከምክንያቱ ላይ ትጠፋለች፤ በኖርዌይኛም «ያይ ኮመር ኢከ፣ ፎርዲ ያይ ኢከ ሃር ቲድ» ይሆናል። «ፎር» እና «ፎርዲ» በድምፅም በትርጉምም ስለሚቀራረቡ ብዙ ሰው እነዚህ ላይ ይንገዳገዳል። በ«ምክንያቱም» እና በ«ስለ» ከለዩአቸው ግን አይምታቱብዎትም።

እንደ እኛው «እንደ» ጥገኛ ሐረግ የሚያስገባው «አት» ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። «እንደማይመጣ ይናገራል» ለማለት በጽሑፍ «ሃን ሲየር አት ሃን ኢከ ኮመር» ይባላል። በንግግር «አት ሃን ኮመር ኢከ» የሚሉ ኖርዌያውያን ይሰማሉ፤ የእኛው «አልመጣም ይላል» ዓይነት ነው። ሲያዳምጡ ግር እንዳይልዎት ይወቁት፤ ሲጽፉ ግን በፊተኛው ይጽኑ።

ጥያቄ፦ ትሮምሶ ነው ያለሁት። «ስምህ ማነው» ለማለት መጽሐፉ «ቫ ሄተር ዱ» ይላል፤ ጎረቤቶቼ ግን «ካ ዱ ሄይተ» ይላሉ። ግሱ ሁለተኛ መሆኑ የት ሄደ?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ አልተሳሳቱም። በሰሜን ኖርዌይ ቀበልኛዎች እንደ «ካ» ካለ አጭር የጥያቄ ቃል በኋላ ባለቤቱ ከግሱ ሊቀድም ይችላል። ይህ በጥያቄ ላይ ብቻ ነው፤ «ዛሬ እሠራለሁ» ሲሉ እነርሱም ግሱን ሁለተኛ ያደርጉታል። በኖርዌይ ሁለት የጽሕፈት ቋንቋዎች አሉ፤ ቡክሞልና ኒኖርስክ ከ1885 ጀምሮ እኩል እውቅና አላቸው። በንግግር ግን ሰው በፓርላማም ቢሆን የትውልድ ቀበልኛውን ይናገራል። እርስዎም ከጎረቤት ጋር «ካ ዱ ሄይተ» ብለው ይጨዋወቱ፤ በፈተና ወረቀት ላይ «ቫ ሄተር ዱ» ይጻፉ።